ፀሐይ የተፈረደባቸው ሰሌዳዎች

የዚያን አገር ስም አትጠይቁኝ። ብነግራችሁም አይጠቅማችሁም፤ ሄዳችሁ የምታዩት ነገር አልቀረም። እንዲያው አንድ አገር ነበር በሉና አድምጡኝ።

በዚያ አገር ክብር የሚለካው በጥላ ነበር። ሰው ሲሾም መሬት አይሰጠውም፣ ወርቅ አይሰጠውም፤ የሚሰጠው ጥላ ነው። ትንሹ ሹም አንድ ራስ ብቻ የምታስጠልል ጃንጥላ ይሸለምና ራሱ ይዟት ይሄዳል። ከፍ ሲል ጃንጥላ ያዥ ይመደብለታል። ከዚያ ሲያልፍ ደጁ ላይ ዳስ ይጣልለታል፤ ዳሱም ሹመቱ በጨመረ ቁጥር ይሰፋል። ንጉሡማ ከዳስ ወደ ዳስ የሚሄደው በተሸፈነ መንገድ ስለሆነ ፀሐይን ካያት ብዙ ዘመኑ ነው። አንድ ጊዜ እንግዳ መጥቶ ስለ አገሩ ሰማይ ቢጠይቀው፣ “የእኛ ሰማይ ከሣር የተሠራ ነው፤ በየዓመቱ እናድሰዋለን” ብሎ መለሰለት ይባላል።

ተራው ሰው በፀሐይ ይኖራል። ቤቱ ውስጥ ማንም አይነካውም፤ ደጅ ከወጣ ግን ባርኔጣ ማድረግ አይፈቀድለትም። ዛፍ ሥር አረፍ ማለትም አይችልም፤ የዛፍ ጥላ የመንግሥት ነው። ያጠፋ ሰው ደግሞ ፀሐይ ይፈረድበታል። ገላጣ ሜዳ ላይ ያቆሙታል፤ ዘብ አጠገቡ ይሆንና ጀርባውን ሰጥቶ እንዳያርፍ ፀሐይዋ በዞረች ቁጥር ፊቱን ወደ እሷ ያዞረዋል። በዚያ አገር ልጅ ሲቆጡ እንኳ “ፀሐይ ላይ አቆምሃለሁ” ነበር የሚሉት።

ይህ ሁሉ ዳስ እንግዲህ እንጨት ይፈልጋል። ሹም ሲበዛ ዳስ በዛ፣ ዳስ ሲበዛ ደኑ ሳሳ፣ ደኑ ሲሳሳ ሙቀቱ ጨመረ። ሙቀቱ ሲጨምር ሹማምንቱ ተሰበሰቡና ሙቀቱን የሚከላከል ኮሚቴ አቋቋሙ፤ የኮሚቴው አባላት ሁሉ ሹመት አገኙ፤ ለእያንዳንዳቸውም ዳስ ተጣለላቸው። አትሳቁ። እኔ ይህን ሳስብ ሳቅ አይመጣልኝም፣ ደሜ ነው የሚፈላው። ዝናቡ መጀመሪያ ዘገየ፣ ቀጥሎ አነሰ፣ በመጨረሻም ቀረ። ኮሚቴው “ድርቅ” የሚለው ቃል የሕዝቡን ሞራል ይነካል ብሎ አገደውና “የዝናብ ዕረፍት” እንዲባል ወሰነ። ሰዉም ከብቱ ሲያልቅበት “በዝናብ ዕረፍት አለቁብኝ” እያለ ያለቅስ ጀመር።

በአገሩ ጠረፍ ላይ ዝግባ በር የምትባል መንደር ነበረች። ዝግባ ካየች ብዙ ጊዜዋ ነው፤ ስሙ ብቻ ቀርቶላታል። እዚያ ደብሪቱ የምትባል ሴት ከባሏ ከጓንጉል ጋር ትኖር ነበር። ጓንጉል የዳስ እንጨት ቆራጭ ነበረ። ለአንድ ሹም ዳስ ምሰሶ ሲቆርጥ ዛፉ ወደ እሱ ወደቀና ሁለቱንም እግሮቹን ሰበረው። ሹሙ ምሰሶውን ወሰደ፤ ጓንጉል አልጋ ላይ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ደብሪቱ ነች የምታነሳው፣ የምታጥበው፣ የምታጎርሰው። ልጅ የላቸውም። እሱ ሲያስቃት እሷ ስትቆጣው ነበር የሚውሉት።

የመንደሯ ጉድጓድ ውኃው እየራቀ ሄዶ ገመድ አልደርስበት አለ። ሰዉ ቤቱን ዘግቶ ወደ ቆላው ወንዝ ለመሰደድ ይመካከር ጀመር። መንገዱ ረጅም ነው፤ አህዮቹ አልቀዋል። በእግሩ መሄድ የማይችል ሰው ይቀራል ማለት ነው። ይህን ማንም በአፉ አልተናገረውም፤ ነገር ግን ደብሪቱ ብቅ ስትል ወሬው ቀጥ ይላል። እሷም ገብቷታል። ውኃ ካልተገኘ ወይ ጓንጉልን ጥላ ትሄዳለች፣ ወይ አብራው ትሞታለች።

በዚህ መሀል ከባሕር ማዶ ሰዎች መጡ። ጥልቅ ጉድጓድ ቆፈሩ፣ ውኃ የሚስብ ሞተር ወደ ውስጥ አወረዱ፣ ከላይ ደግሞ እንደ ገበታ የሰፉ ጥቋቁርና አብረቅራቂ ሰሌዳዎች አቆሙ። ነዳጅ አይፈልግም፣ እንጨት አይፈልግም፣ ጭስ የለው። ሰሌዳዎቹ ኃይሉን ከፀሐይ ይወስዳሉ፣ ሞተሩ ውኃውን ይስባል፤ ነገሩ ይኸው ነው። በዚያ አገር ከፀሐይ በቀር የተረፈ ነገር ስላልነበረ ደብሪቱ ይህን ስትሰማ እልል አለች።

ስጦታው የተሰጠው ለንጉሡ ስለሆነ ሊረከብ የመጣው ሊቀ ጥላው ነው። ሊቀ ጥላ ማለት ለማን ምን ያህል ጥላ እንደሚገባው የሚወስን ትልቅ ሹም ነው። ከባሕር ማዶ የመጡት ሰዎች አለቃ ሲሰናበት፣ “አደራ፣ ሰሌዳዎቹ ፀሐይ ላይ ይቁሙ” አለ።

ሕዝቡ ክው አለ። ሊቀ ጥላው ግን ጨዋ ሰው ነበረና ፈገግ ብሎ ሸኘው። እንግዶቹ ከዓይን ሲርቁ ወደ ሕዝቡ ዞረ።

“ንቀቱን አያችሁ?” አለ። “የንጉሥን ንብረት እንደ ሌባ ፀሐይ ላይ አቁሙ ይለናል! በሉ፣ እኛ ክብር የምናውቅ ሰዎች ነን።”

የዚያኑ ዕለት ሰሌዳዎቹ ላይ ዳስ ተጣለ። ጠንካራ ዳስ ነበር፤ እንጨቱ ከሩቅ የመጣ፣ ሣሩ ድርብ የሆነ። ሞተሩ ጥቂት አንጎራጉሮ ጸጥ አለ። ሊቀ ጥላውም ስጦታው በተደረገለት አቀባበል ረክቶ ዝም ማለቱን ለንጉሡ አሳወቀ።

ደብሪቱ ሊቀ ጥላው ካረፈበት ዳስ ሄዳ ከጠርዙ ውጪ፣ ፀሐዩ ላይ ቆመች።

“ጌታዬ፣ ዳሱን ለጥቂት ቀን እንኳ ያንሱልን። ውኃ ጠማን” አለችው።

“ልጄ፣ የንጉሡን ስጦታ አዋርድ እያልሽኝ እኮ ነው።” ሊቀ ጥላው ክፉ ሰው አልነበረም። ክፉ ቢሆን ይሻል ነበር፤ ክፉ ሰው አንዳንዴ ይደክመዋል። “ዳሱ ጠበባቸው ካላችሁ ላሰፋው እችላለሁ።”

“ኧረ አልጠበባቸውም።”

“እና ምን ጎደላቸው?”

“ፀሐይ ነዋ፣ ጌታዬ።”

ዘቦቹ ሳቃቸው አመለጣቸው። ሊቀ ጥላው አልሳቀም፤ አዘነላት። ውኃ ጥሙ ራሷ ላይ ወጥቷል ብሎ ሁለት ሰው ቤቷ ድረስ እንዲሸኛት አዘዘ።

ጓንጉል አልጋው ላይ ሆኖ ጠበቃት። “እህሳ፣ ምን አሉሽ?”

“ዳሱን ላስፋው አሉኝ።”

ጓንጉል ሆዱን ይዞ ሳቀ። “ጥፋቱ የሰሌዳዎቹ ነው። አጉል ጨዋ ሆነው ነው እንጂ እንደ አጎቴ ዶሮ ቢሰርቁ ኖሮ፣ ይኼኔ ፀሐይ ተፈርዶባቸው ዘብ ቆሞ ያዞራቸው ነበር።”

ደብሪቱ ትክ ብላ አየችው።

“ምን ሆንሽ?”

“እስቲ ድገመው።”

“ኧረ ቀልዴን ነው፣ አንቺ ሴትዮ!”

“አንተ ትቀልዳለህ፤ እኔ እከሳለሁ” አለችና ነጠላዋን አነሳች።

እውነትም ከሰሰች። ክሱ፣ ሰሌዳዎቹ ውኃ እንሰጣለን ብለው መጥተው የንጉሡን ጥላ በነፃ ይበላሉ፣ ውኃ ግን ጠብ አላደረጉም የሚል ነበር። ክስ የሚሰማው ዳኛ ዳምጤ ነው። ዳኛ ዳምጤ የተጻፈ ነገር ሁሉ እውነት ይመስለው ስለነበር ክሱን ሳይስቅ ተቀበለ፤ ችሎቱም ሰሌዳዎቹ ካሉበት ዳስ ውስጥ ተሰየመ። ተከሳሾቹ ከቦታቸው መነሳት አይችሉም ነበራ።

“ተከሳሾች፣ ስማችሁን ተናገሩ” አለ ዳኛው።

ሰሌዳዎቹ ዝም።

“የተከሰሳችሁበትን አድርጋችኋል ወይስ አላደረጋችሁም?”

አሁንም ዝም። መንግሥት ያቆመላቸው ጠበቃ ተነስቶ፣ ደንበኞቼ የሩቅ አገር ትልቅ ሰው ቤት ልጆች ናቸው፣ ከተራ ሰው ጋር መነጋገር ክብራቸው አይፈቅድም ብሎ ተከራከረ። ዳኛው ይህን ሰምቶ ወደ አንዱ ሰሌዳ ጠጋ ብሎ ቢመለከት፣ ከውስጡ የሚያፈጥበት የተቆጣ ፊት አየ። የራሱ ፊት መሆኑን አላወቀም፤ መስታወት በዚያ አገር ለሹም አይፈቀድም፣ ፀሐይ ያንጸባርቃልና። ደንግጦ ወደ ኋላ አለና ችሎት መድፈር ጨመረባቸው።

ፍርዱ አጭር ነበር፤ “ጥላቸው ይገፈፍ፤ ውኃ እስኪሰጡ ድረስ ፀሐይ ላይ ይቁሙ።”

ዳሱ ፈረሰ። ዘቡ እንደ ደንቡ ከሰሌዳዎቹ አጠገብ ቆመና ፀሐይዋ በዞረች ቁጥር ፊታቸውን ወደ እሷ ያዞር ጀመር። አንድም ጊዜ ጀርባቸውን ሰጥተው እንዲያርፉ አልተዋቸውም። ስለዚህም ሰሌዳዎቹ፣ ያመጧቸው ሰዎች እንኳ ካሰቡት በላይ ሠሩ። ሞተሩ አጉረመረመ፤ ቧንቧው መጀመሪያ አየር ተፋ፣ ከዚያ ጭቃ ተፋ፣ ከዚያ ውኃ ፏ አለ!

እንዲያው ያን ቀን ባየሁት ያሰኛል። ሰዉ ልብሱን ሳያወልቅ ውኃው ሥር ገባ። ለስደት የታሰረው ጓዝ ተፈታ። ደብሪቱ ሁለት እንስራ ሙሉ ይዛ ገባችና ጓንጉልን ከራሱ እስከ እግሩ አጠበችው።

“ወይኔ፣ ይኼ ሁሉ በኔ ቀልድ?” አለ እየተንቀጠቀጠ።

“ዝም በልና እጅህን አንሳ” አለችው። እየሳቀች ነበር። እኔ ደብሪቱን ሳስባት እዚህች ጋ ባቆም ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን የሆነው እንደዚያ አይደለም።

ወሬው ሊቀ ጥላው ዘንድ ደረሰ። ሊቀ ጥላውም በደስታ እንባ አውጥቶ፣ ጃንጥላ ያዡን አስከትሎ ገሠገሠና ውኃውን በዓይኑ አየ።

“እነዚህ ታማኝ አገልጋዮች ናቸው!” አለ። “በውርደታቸው ሰዓት እንኳ ውኃ የሰጡን! እኛ ግን እንደ ወንበዴ ፀሐይ ላይ አቆምናቸው። ይቅር ይበለን።”

እዚያው ቆሞ ትእዛዝ አወጣ። ሰሌዳዎቹ ምሕረት ተደረገላቸው። ከንጉሡ ቀጥሎ በአገሩ ትልቁ ዳስ እንዲጣልላቸው ተወሰነ። እንዲህ ያለ ግፍ እንዳይደገምም ሕግ ተደነገገ፤ ከእንግዲህ ጥላ የተሰጠውን ማንም አይከሰውም፣ የከበረ አያጠፋም የሚል ሕግ ነው። የዳሱ ሥራ እስኪጀመር ሰሌዳዎቹ ላይ ጃኖ ተጣለባቸውና ውኃው ቆመ።

ቀጥሎ ደብሪቱ ተጠራች። በዚያ አገር በሐሰት የከሰሰ ሰው የተከሳሹን ቅጣት ይቀበላል።

“ሐሰቴ ምኑ ላይ ነው?” አለች ዳኛ ዳምጤ ፊት። “ስከሳቸው አይሰጡም ነበር እኮ!”

“አሁንስ አልሰጡም?”

“ሰጡ።”

“የሚሰጠውን አይሰጥም ማለት ሐሰት ነው” አለና፣ ዳኛ ዳምጤ የቀድሞውን ፍርድ አንዲት ቃል ሳይለውጥ አነበበባት፤ ውኃ እስክትሰጥ ድረስ ፀሐይ ላይ ትቁም።

“እኔ ሰው ነኝ ጌታዬ። ከየት አምጥቼ ነው ውኃ የምሰጠው?”

“እሱን ሰሌዳዎቹም አልጠየቁንም” አላት።

መንደሩ ፈረሰ። ጎበዞቹ ለትልቁ ዳስ እንጨት እንዲቆርጡ ተወሰዱ። ከገደሉ ሥር ሰው ያልደረሰባቸው ጥቂት ዛፎች ቀርተው ነበር፤ እነሱን ለቅመው ጨረሷቸው። ጓንጉልን በቃሬዛ ሊሸከሙ ይችሉ የነበሩት እነዚያው ጎበዞች ነበሩ። የቀሩት ሴቶችና ሽማግሌዎች ጓዛቸውን እንደገና አሰሩ። ሲያልፉ ደብሪቱ ከቆመችበት ሜዳ ጥግ እየቆሙ አለቀሱላት።

“ጓንጉልን” አለቻቸው። “እባካችሁ፣ እየተቀባበላችሁም ቢሆን።”

አንዲት ጎረቤቷ፣ “ልጆቻችንንም መሸከም አቅቶን ነው፣ እህቴ” አለችና ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ሄደች። እኔ በዚህች ሴት አልፈርድም። የምፈርድባቸው ሰዎች ሌሎች ናቸው፤ እናንተም ታውቋቸዋላችሁ።

ሰዉ ከሄደ በኋላ ጓንጉል ከአልጋው ወደቀና በክርኑ እየተሳበ ወጣ። ሜዳው ድረስ ሲደርስ ደረቱ ተልጦ ነበር። ደብሪቱ ድምፁን ሰማች፤ ዘቡ ፊቷን ወደ ፀሐይ ስላዞረው ግን ልታየው አልቻለችም።

“ምን ልትሆን መጣህ? ቤት ግባ! እዚያ እንኳ ጣሪያ አለህ።”

“ጣሪያው አያወራኝም” አላት።

ከኋላዋ፣ የእሷ ጥላ ከወደቀበት ቦታ ተኛ። ዘቡ እሷን ሲያዞራት ጥላዋም ይዞራል፤ ጓንጉልም እየተሳበ ጥላዋን ይከተላል። ዘቡ ይህን አየ። ማዕረግ የሌለው ሰው ጥላ ሥር መተኛቱ ወንጀል ይሁን አይሁን አሰበ፤ ስለ ሰው ጥላ የተጻፈ ነገር ትዝ አላለውምና ዝም አለ። ከራሱ ኮዳም አንድ ጉንጭ ውኃ ሰጣቸው። ከዚያ በላይ አልነበረውም።

እንዲህ ሆነው ዋሉ፣ አደሩ፣ ደግሞ ዋሉ። ዐይኗ በፀሐይዋ ስለተጭበረበረ በየጊዜው ትጣራለች።

“አለህ?”

“አለሁ። ምን ልሆን ነው? በዚህ አገር ባለ ጥላ ሆኜ!”

“አትቀልድ፣ ጉልበትህን ትጨርሳለህ።”

“ሊቀ ጥላው ቢያዩኝ ይቀኑብኛል። የሳቸው ጥላ ቆንጆ ሚስት አይደለችም።”

እየቆየ መልሱ እያጠረ ሄደ። እኩለ ቀን ሲደርስ ፀሐይዋ አናቷ ላይ ወጣች፤ የደብሪቱ ጥላም እግሯ ሥር ገብቶ አለቀ። ጓንጉል የሚከተለው ነገር አጣ።

“አለህ?” አለች።

መልስ የለም።

“ጓንጉል? አንተ፣ አለህ ወይ?”

ዘቡ ጎንበስ ብሎ አየና ቀና አለ። ምንም አልተናገረም። ደብሪቱ ከዝምታው ተረዳች። ፀሐይ ላይ በቆመች ጊዜ አላለቀሰችም ነበር፤ ሲፈርዱባትም፣ ጎረቤቶቿ ሲሄዱም አላለቀሰችም። አሁን ግን ዐይኗን ወደ ሰማይ እንዳደረገች እንባዋ ወረደ። ያ የደረቀ ገላ ያን ሁሉ እንባ ከየት እንዳመጣው አላውቅም፤ በጉንጯ ወርዶ፣ በአንገቷ ወርዶ፣ የቆመችበትን አፈር አራሰው።

ሊቀ ጥላው ከአዲሱ ዳስ ሥር ሆኖ ምሰሶ ሲተከል ያይ ነበር። እርጥቡን አፈር አየና ጮኸ።

“ሰጠች! ውኃ ሰጠች!”

ሹማምንቱ አጨበጨቡ። ዳኛ ዳምጤ መጥቶ አፈሩን በጣቱ ነካና ፍርዱ መፈጸሙን አረጋገጠ። ሊቀ ጥላው ራሱ፣ በገዛ እጁ፣ ባለ ሦስት ደርቡን ጃንጥላ ከራሷ በላይ ዘረጋላት። ምሕረት ተደረገላት፣ ማዕረግ ተሰጣት። ከትልቁ ዳስ ሥር፣ ከሰሌዳዎቹ ጎን፣ ምንጣፍ ተነጥፎላት ተቀመጠች። የሰሌዳዎቹ ፊት አቧራ ለብሶ ነበር።

“ባሌን ልቅበር” አለች።

“ያለው ፀሐይ ላይ ነው፣ ልጄ። የከበረ ሰው ፀሐይ ላይ አይወጣም።”

“እንግዲያው ወደ ጥላው አምጡልኝ።”

“እሱ ማዕረግ የለውም።”

ደብሪቱ ልትነሳ ብትል ዘቦቹ በአክብሮት፣ እጅ እየነሱ፣ መልሰው አስቀመጧት። ጓንጉል ከሜዳው መሀል በደረቱ እንደተኛ ይታያታል። የሚቀብረው ሰው በመንደሩ አልቀረም።

“ጌታዬ” አለችው ሊቀ ጥላውን፣ ጫማው ላይ ወድቃ። “ወደ ፀሐይ እንድትመልሱኝ ምን ላጥፋ? ንገሩኝ። ያላችሁኝን አጠፋለሁ።”

ሊቀ ጥላው ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ አነሳት።

“ልጄ፣ ከእንግዲህ አንቺ ልታጠፊ አትችዪም” አላት።

ይህን ያላት ሊያጽናናት ነው።